ሦስተኛው ሽቦ

ደነባ፣ ግንቦት ላይ፣ ዋልካው ተሰንጥቆ፣
እግር ይውጣል መሬቱ፣ አፉን ከፍቶ ደርቆ።
እትዬ አሰገደች ልጅ ላከችብኝ፤
“ጌጤነህ፣ ሶኬቱ ሸተተኝ፣ ቶሎ ድረስልኝ።”

ደረስኩ።
ከጌሾው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ አለ፤
ሶኬቱ ግማሽ ፊቱ እንደ ድስት ከሰለ።
ፊውዝ አይደል፣ ሚስማር ነው፣ ቆጣሪው ጋ የሰኩት፣
የቤቱን ዘበኛ በወሮበላ ተኩት።
ስፒና የለ፣ ምን የለ፤ ሁለት ራቁት ጫፍ
በክብሪት እንጨት ተወትፎ በሶኬቱ አፍ።
ሦስት ሺህ ዋት ጭነት በሬዲዮ ገመድ፤
ዶሮን በበሬ ቀንበር አስገብቶ እንደ መጥመድ።

“ማነው የሠራልሽ?”
“የእህቴ ልጅ ነዋ፣ ኮሌጅ የጀመረ።
የባሕር ዛፍ ሸክም ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ናረ፤
እኔ ደግሞ ጠላዬን በፈላ ውሃ ነው፣
ጥሬ ውሃ አልጠምቅም፣ ደንበኛዬም ያውቀው።
ብቻ ሪህ ያዘኝ፤ ጣሳዬን ስነክር
ጉንዳን ይወረኛል ከጣቴ እስከ ብብት ሥር።”

ቴስተሬን አውጥቼ በርሜሉን ስነካ
በራች ቀይ ዓይኗ፤ ሪህ አይደለም ለካ።

ዝም አልኩ።
ዝም ያልኩት የአንድ ሰው እጅ ታውሶኝ ነው፤
ሸዋ ሮቢት፣ ሽንኩርት ማሳ፣ ፓምፕ ጨብጦ የቀረው።

ቆጣሪው ጋ ሄጄ ዋናውን አጠፋሁ፤
“ጠፍቷል” ብዬ አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ።
ሚስማሩን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤
የሬዲዮውን ገመድ “ልብስ ማስጫ ሁን” አልኩት።
ባለ አራት ሚሊ፣ ወፍራም፣ ባለ ሦስት ፈትል፤
ለብቻው ብሬከር፣ ሌላ ዕቃ የማይቀጥል።
ከሬዚስታንሱ አንገት ጎማውን ቀየርኩ፣
ጠብ ያለች እንዳለች በጣቴ ፈተሽኩ።
ፍሳሽ ሲሸተው ራሱ የሚቆርጠውን
ከደብረ ብርሃን አስመጣሁ፣ የፍየል ዋጋ ያለውን።
ጮኸች።
ይባስ ብላ ገመዱን ቆጥራ አገኘችው፦

“ሁለቱ ካፈሉት ሦስተኛው ምን ሊሠራ?
ቢጫ አረንጓዴ ለብሶ፣ ሠርግ ነው የተጠራ?
ሥራ ፈት መቀለብ በባሌ ይበቃኛል።”
(ባልየው ከደጅ ሰምቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል።)

“ልክ ነሽ እትዬ፣ ሥራ የለውም።
በደህናው ቀን አንዳች አያልፍበትም።
የክፉ ቀን ለታ፣
ሽቦው ተልጦ በርሜል ሲመታ፣
እሱ ነው የሚሮጥ፣ በክንድሽ ፈንታ።”

አልመለሰችልኝም። ጣቷን ታያለች።

የመዳብ ዘንግ ይዤ ወጣሁ ወደ ጓሮ፤
ዋልካው ተፈርክሷል፣ ጥም ሆኖበት ኑሮ።
ደረቅ መሬት ክፉን ይመልሳል እንጂ አይውጥ፤
ሐምሌ ላይ የሚያሰምጥ፣ ግንቦት ላይ የሚያፈጥ።
ዞሬ ዞሬ የጋን እጣቢ የሚወርድበት ጥግ፣
በመዶሻ ቀበርኩት፣ ሁለት ሜትር፣ ድግ፣ ድግ።

“ስሚኝ፤ ጣሳ ሳትነክሪ ቀድመሽ ብሬከር አጥፊ፤
ውሃ ሳይሸፍነው አታብሪ፣ ብረቱን ታጠፊ።
በጋ በጋውን ደግሞ እጣቢሽን እዚህ ድፊ።”

ጠላ ቀዳችልኝ። “ሳይፈተሽ አልጠጣም” አልኩ።
በሩ ላይ ልጆች ቆሙ፣ ቁልፉን ላነሳ ተጠጋሁ፤
እጄ ሳይደርስ መብራቱ ሄደ፣
የእኛ ብቻ አይደለም፣ ደነባ እንዳለ ሄደ።
ሳቀች፣ እስክታነባ።
ባልየው ምንም ሳይል እንጨቱን ተሸክሞ ገባ፣
ጉልቻ ደርድሮ፣ ተንበርክኮ ማገደ።
እኔም ጠጣሁ፣ በጭስ መሐል። ጠላውስ ጠላ ነበር።
ማታ በአራት ሰዓት መጣ መብራቱ፣ ተደወለልኝ፣ “ፈላ! አልነከሰኝም!” ስትል ሰማሁ፣ ከጎኗ ሰው ሲያስል።

በሳምንቱ ሳልፍ በአጥሩ ሥር አየኋት፤
ጎንበስ ብላ ለዘንጉ ስታጠጣ አገኘኋት።
ጎረቤቷ ትርንጎ በአጥር ብቅ አለች፤
“በዚህ ድርቅ ምን ተክለሽ ነው?”
“እጄን” አለቻት፤ ጣሳዋን ደፋች።